የምሥራች እና የቅዳሜው ጥብስ

የምሥራች ባሏን ጥላ ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር ልትኮበልል ነው የሚለው ወሬ ከሊቶኒያ ሰፈር ተነሥቶ አቮንዴል እስቴትስ ሰፈር እስኪደርስ፣ ከሾፌሩ ሁለት ልጅ ወልዳ ነበር። ነጭ ውሸት ነው፤ ሾፌሩን አይታውም አታውቅ። እውነቱ፣ ከሆስፒታል የሥራ ጓደኞቿ ጋር አትላንቲክ ሲቲ ሄዳ፣ ባሕሩ ዳር ካለ ካዚኖ ገብታ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቆምር ነው። የአውቶቡስ ትኬት ገዝታለች፤ ከሥራም ኦፍ ወስዳለች።

ባሏ ዳኛቸው ቅሪ ብሎ ለምኖ ለምኖ እምቢ ስትለው እሑድ ሽማግሌ ጠራባት። የመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሳሎን ከእሱ ጋር በገንዘብ ካርታ የሚጫወቱት ናቸው።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉ ጋሽ ንዋይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቁማር ትዳር ያፈርሳል። ለሴት ደግሞ ነውር ነው። ትኬቱን መልሺና ይብቃ።»

ሌላ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ የምሥራች ጓዳ ነበረች። ዛሬ ግን ወንበር ስባ መሀላቸው ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ እናንተ እዚህ ስትቆምሩ ስንት ዘመን ጥብስ ሳመላልስ ነውርነቱን የነገረኝ አልነበረም። እኔ እንደሆነ መሄዴ አይቀርም። ይልቅ የፊታችን ቅዳሜ ጥብሱን ማን ይጠብስላችኋል?»