ሦስት ኪሎ አሮጌ ጋዜጣ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ሆጤ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ትማር የነበረችው ልጄ ናት። ሁለተኛዋ አማርኛ የምታስተምራት መምህርት፣ ሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ብረት የምበይድ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ያደግሁ ሰው። ማንበብ የተማርኩት በተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ግማሹ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ ነበር የማነበው።

ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። አንድ እሑድ መጽሐፏን ዘግታ ምንባቡን እንደ ዜማ አወረደችው። መጽሐፉን ገለጥኩና ከመሃል አንድ ቃል በጣቴ ነክቼ "ይቺስ ምንድን ናት?" አልኳት።

"ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አባ?"

"ይቺን ብቻ።"

"ከላይ ካልጀመርኩማ አይመጣልኝም።"

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩ። እሷ አልተቆጣችም።

"ስልሳ ሦስት ልጅ ነው ያለኝ" አለችኝ። "አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። መጽሐፉን እንዲሁ በቃላቸው ይይዙታል። ጋዜጣ ባገኝ ግን አይተውት ስለማያውቁ ሊሸመድዱት አይችሉም።"

እዚያው ከተማችን ፒያሳ ለሱቆች መጠቅለያ ከሚሸጥ ሰው ሦስት ኪሎ አሮጌ ጋዜጣ ገዛሁላት። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ እየደረሰው ብቻውን ቆሞ ያነብ ጀመር። ልጄ የመጀመሪያው ዓርብ አለቀሰች። በአምስተኛው፣ አንድ ሹም ስለ ጤፍ ዋጋ የተናገረውን ዜና እየተንተባተበችም ቢሆን ጨረሰችው። ቤት መጥታ "አባ፣ ሰውየው ይዋሻል፤ እማዬ በዚህ ዋጋ አልገዛችም" አለችኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ጋዜጣውን ሰብስቦ ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ምክንያቱን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ጋዜጣ ፖለቲካ ነው። ነገ ማን ይጠየቅልኛል?"

"የጤፍ ዋጋ ነው ፖለቲካው?"

"እሱማ ዋናው ነው" አለ አንዱ ወላጅ። ሰው ሳቀ።

ሳቃቸው አቃጠለኝ። መምህርቷ ቁርጥራጮቹን አስቀድማ ልታሳየው ሐሳብ ነበራት፤ ይህንኑ ልትናገር እጇን አውጥታለች። ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ይስማማ ነበር። እኔ ግን ተነሣሁና ከኪሴ ቁራጭ አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁ። "አንተስ ማንበብ ትችላለህ? እስኪ ይቺን አንብብልን" አልኩት።

በሰው ፊት የተዋረደ አለቃ በትሩን የሚያሳርፈው ክንዱ በሚደርስበት ላይ ነው። እኔ ላይ አይደርስም። በሳምንቱ መምህርቷን ከክፍል አውጥቶ ንብረት ክፍል አስቀመጣት። ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ፤ ዜማውም ተመለሰ።

ዛሬም እሱን ሳስብ እናደዳለሁ። ልጆች ከሚያነቡ ይልቅ እሱ ሳይጠየቅ ቢውል የሚመርጥ ፈሪ ነው። በራሴ ደግሞ የባሰ እናደዳለሁ። እውነት የያዘ ሰው አፉን መግራት አለበት፤ ይህንን ለልጆቼ ስናገር ኖሬ እኔው አልቻልኩም።

ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ በሩ ላይ ቆሜ ለክፍሏ ልጆች በየተራ ጋዜጣ ዘረጋሁላቸው። አበደ ያለኝ ይበል። ስልሳ ሦስቱም ወደ አምስተኛ ክፍል አልፈዋል። ያነበቡልኝ ዐሥራ አንድ ናቸው። ልጄ አንዷ ናት፤ ቤት ውስጥ አስነብባታለሁ። መምህርቷ አሁንም የጠመኔ ካርቶን ትቆጥራለች። የእሱ ፍርሃትና የእኔ አፍ ያስከፈሉን ሃምሳ ሁለት ልጅ ነው።