ምሳ ወይስ ትልቁ ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕሊና ስልኳን ይዛ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ «እማ፣ ምሳ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያው እንብላ?» አለችኝ። የአጎቶቿን ልጆች ሰብስባ ወደ አንድ የውሃ መጫወቻ ልትወስዳቸው አስባ ወጪውን እየደመረች ነበር። መግቢያው አላስቸገራትም፤ ትራንስፖርቱም እንዲሁ። ምግቡ ላይ ስትደርስ ግን ከወንድሜ ሚስት ጋር በስልክ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አንዷ ሳንድዊች ጠቅልለን እንያዝ ትላለች፤ ሌላዋ ልጆቹ እዚያ ደርሰው በርገር ሲያዩ ሳንድዊቹን ማን ይነካዋል ትላለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሳቄ አመለጠኝ። ሕሊና ኮስተር ብላ፣ «ምኑ ነው የሚያስቅሽ?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ለእኔም አንድ ጊዜ ቀርቦልኝ እንደነበር፣ ክፉኛም እንደወደቅኩበት አታውቅም።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአብነት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ መርካቶ እህል በረንዳ ያገለገለ ጆንያ ይሸጣል፤ እናቴ በርበሬ በረንዳ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። አባቴ ሲገባ የጤፍ ብናኝ፣ እናቴ ስትገባ ሚጥሚጣ አብሮ ይገባል። እንግዳ ገና ከደጃፋችን ማስነጠስ ይጀምራል፤ እኛ ግን ለምደነው ጭራሽ አይሰማንም ነበር። ለቤታችን ዕረፍት ማለት ለመስቀል አገር ቤት ገብቶ መውጣት ነው። ከዚያ ውጪ ሱቅ የሚዘጋው ለቀብር ብቻ ነበር።

ስለዚህ አባቴ አንድ ቀን የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ፣ «እሑድ ሱቅ ይዘጋል» ሲል፣ እናቴ ደረቷን ይዛ፣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ ወርቄ። ልንዝናና ነው።»

ወረቀቱ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ መጫወቻ ማስታወቂያ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ ትንሽ ባቡር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ጭኖ ወደ ሰማይ የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ ሥዕል አለበት። ወንድሞቼ ደረጀና ሳሚ በሽሚያ ወረቀቱን ሊቀዳድዱት ደረሱ። እኔ ትልቅ ልጅ ስለሆንኩ ዝም አልኩ፤ ልቤ ግን ጎማው ላይ ወጥቶ ቀረ።

ጠቡ የተጀመረው ምግብ ላይ ነው። አባቴ ከሜኑ አዝዘን፣ ጠረጴዛ ከበን ነው የምንበላው አለ። እናቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረችው። «ቤቴ ምግብ ጠፍቶ ነው? ድፎ እደፋለሁ፣ ዕንቁላል እቀቅላለሁ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ አለ። አንድ ዓሣ ለመብላት የስንት ኪሎ በርበሬ ትርፍ ልበትን?» ደረጀና ሳሚ ምሳ ቀርቶ አይስክሬም ብቻ ይሁን አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አባቴ ሰለቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አለም በክፍሏ በሒሳብ የሚያህላት የለም። ብሩን እሷ ትያዝ፣ እሷ ትደልድል። ምሳ ግን መጀመሪያ፤ ጨዋታ በተረፈው።»

ኩራቱ አስክሮኝ በሒሳብ ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ግን አባቴ እንዳለው ምሳ ሲቀድም፣ ለትልቁ ጎማ የሚተርፈው ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ደጋግሜ ደመርኩት፤ አልተለወጠም። እናቴ ጓዳ ሆና አየችኝና ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «አንቺ ጨዋታሽን ግዢ፤ ምሳውን ለእኔ ተይው» አለችኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኳትም። መልሱን አለማወቅ ነበር የተመቸኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በትምህርት ቤት መንፈቅ ዕረፍት፣ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርን። አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። መንገዱ ዳር ልጆች የሽምብራ እሸት በእቅፍ እያነሱ ይሮጣሉ፤ እናቴ አውቶቡሱ በቆመበት ሁለት ደቂቃ ውስጥ በመስኮት ተከራክራ አንድ እቅፍ በግማሽ ዋጋ አስገባች። ጨዋማና እርጥብ እሸት እየፈለፈልን ደረስን። እስከ ዛሬ ሽምብራ እሸት ስቀምስ ያ የልጅነት ጉጉት ይመለስብኛል።

ከበሩ በላይ በትልቁ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና እናቴን በአሸናፊነት አያት። እናቴ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ዘንቢሏን ይዛ ከአጥሩ ጀርባ ተሰወረች። እኔ በዚህ መሃል ወደ ትኬት መስኮቱ ሮጥኩ። መስኮቱ ከበሩ ውጪ ነው፤ ሰልፉም እስከ መንገዱ ይደርሳል። የመግቢያችንን ከገዛሁ በኋላ በምሳው ብር ሃያ የመጫወቻ ትኬት ገዛሁ። ለመመለሻ የሚሆነው ብር በእናቴ መቀነት ስለተቋጠረ አላሳሰበኝም። የመስኮቱ ሰውዬ፣ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። ማን ሊመልስ ብዬ ሳቅኩ።

ስመለስ እናቴ ልጅ አዝላለች።

ታናሻችን ሳሚ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎኔ ቆሟል። እናቴ ግን በእኛ በሦስታችን ዘመን ያገለገለውን አንቀልባ አጥብቃ፣ ላዩ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ እሹሩሩ እያለች ወደ በሩ ትሄዳለች። አባቴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ምንም ከማለቱ በፊት ፈታሿ ሴትዮ ፊቷ በፈገግታ በራ።

«ውይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እትዬ!»

«አሜን» አለ አባቴ።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አርባ ቀኑ» አለች እናቴ። አባቴም እኩል አፉን ከፍቶ፣ «ሦስት ወሩ» አለ።

ፈታሿ ሁለቱንም አየቻቸውና ጠጋ ብላ አሸተተች። «ቅቤ ቅቤ ይሸታል።»

«አናቱን ቀብቼው ነው። እንዳይነቃብኝ፣ የኔ እናት።»

እዚህ ላይ ብታበቃ እናልፍ ነበር። ፈታሿ ግን ልጅ ወዳድ ሆነችና፣ «ያሳድግልሽ፣ እስቲ ፊቱን ልይ» ብላ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ ድፎ ዳቦ ፊት ለፊት ገጠማት። ዳር ዳሩን የተቀቀለ ዕንቁላል ተደርድሯል፤ የጭኮው ዕቃ ከሥር ነው። ሴትዮዋ ድፎውን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ግንቡን ተደግፋ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። ሌሎቹን ጥበቃዎች ጠርታ አሳየቻቸው። «እትዬ፣ ሕፃኑ እኛ ጋ ይቆያል፤ ስትወጡ ትወስጂዋለሽ» አለችና ድፎውን ከነአንቀልባው የጥበቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አስተኛችው።

እናቴ አንገቷን ደፋች። አባቴ ግን ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ኮቱን አስተካክሎ፣ «አይዞሽ፣ ወርቄ። ድሮም ምሳችን እዚህ ነው» አለና ቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ መራን። ኪሴን በእጄ ሸፍኜ ከኋላ ተከተልኩ። ኪሴ ውስጥ ሃያ ትኬትና ለአንድ አይስክሬም የማይበቃ ዝርዝር ብቻ ነበር።

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። አስተናጋጁ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ «ምን ልታዘዝ?» አለ። አባቴ ወንበሩን ተደገፈ። «እስቲ ያላችሁን ሁሉ ንገረኝ።» አስተናጋጁ ከዓሣ ጥብስ እስከ ፓስታ ዘረዘረለት። «እንደገና በልልኝ» አለ አባቴ። እንደገና ዘረዘረ። ከዚያ አባቴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ለሁላችንም ዓሣ ጥብስ፣ ለመሃል ጥብስ፣ ለልጆቹ ለስላሳ፣ በመጨረሻም አይስክሬም አዘዘ። አስተናጋጁ ሁሉንም ጽፎ ሄደ። ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ሲንጣጣ ሰማሁ፤ እኔ የተጠበስኩ ነው የመሰለኝ።

ወደ እናቴ ጆሮ ተጠግቼ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ብርሃን መጣ።

«ትኬቱ ኪስሽ ነው?»

«አዎ።»

«ነዪ። እጅ ልንታጠብ ነው፣ ብርሃኑ» አለችው ለአባቴ።

ወደ ትልቁ ጎማ ወሰደችኝ። ቀትር ሆኖ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ትኬት ያለቀባቸው ሰዎች እንደገና በሩ ድረስ ሄደው ያን ረጅም ሰልፍ መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል። እናቴ አካባቢውን አንዴ ቃኘች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ በርበሬ በረንዳ የሚያውቀውን ድምፅ ለቀቀችው።

«ትኬት! ፀሐይ የማይመታው ትኬት! ሰልፍ የሌለው ትኬት!»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰዎች ግን መጡ። መጀመሪያ ተያይዘው የሚሄዱ ሁለት ወጣቶች ሳይከራከሩ ገዙ። ቀጥሎ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ «እትዬ፣ መስኮቱ ላይ እኮ ዋጋው ይኼ አይደለም» አላት።

«መስኮቱ የት ነው ያለው?»

«በር ላይ ነዋ።»

«እኔስ የት ነው ያለሁት?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና አራት ገዛ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አሥራ አምስቱ አለቁ። ምሳው ከነጉርሻው ተሸፈነ፤ ገና ትርፍ አለ። የቀሩትን አምስት እናቴ እጅ ላይ ቆጠርኩ። «እነዚህ የኛ ናቸው አይደል? አንድ አንድ ጊዜ ጎማው ላይ» አልኳት። ጎማው ከአናታችን በላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። ቀይ ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሰዎች ደብረ ዘይትን ከነሐይቆቿ የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። በዚህ መሃል አንድ አባት ሚስቱንና ሦስት ሴት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። «አምስት አለሽ?» አላት። እናቴ ቀና ብላ ጎማውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሰውዬውን አየች።

«አለኝ» አለችው።

እናቴን እዚያው እንደቆመች ትቼያት እያለቀስኩ ወደ ምግብ ቤቱ ተመለስኩ። ዓሣው ቀርቦ ነበር። ወርቅ መስሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከነጭንቅላቱ። አባቴ በሹካና በቢላ ሊበላ ታግሎ ታግሎ በመጨረሻ በእጁ ገባበት። እንባዬን ሲያይ ምን ሆንሽ አላለኝም። «የእናትሽ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። ሳህኔን ገፋ አደረግኩት። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ምሳውን ሸጬ ጎማ መግዛቴን፣ ከእናቴ ጋር መመሳጠሬን።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ ወንድሞቼ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መርካቶ እንደገባሁ በሸክም ነበር የምኖረው» አለኝ። «የለስላሳ ሳጥን ተሸክሜ በአንድ ሆቴል ጓሮ በር እገባለሁ። አስተናጋጁ ሰው ፊት ጎንበስ ብሎ ምን ልታዘዝ ሲል በቀዳዳው እሰማለሁ። አንድ ቀን ልጆቼ እየሰሙ እኔም እጠየቃለሁ አልኩ። ይኸው ተጠየቅኩ። ብሩ ከየትም ይምጣ። አሁን ብዪ፣ ዓሣ ሲቀዘቅዝ ይሸታል።»

በላሁ። እንደዚያ ያለ ዓሣ ዳግመኛ አልቀመስኩም። ስንወጣ እናቴ ድፎዋን ከመደርደሪያው ተረከበችና ለፈታሿና ለጥበቃዎቹ ግማሹን ቆርሳ ሰጠቻቸው። ጎማው ላይ ግን ማናችንም አልወጣንም፤ እኔም ለዓመታት ይህን ለእናቴ ስስት መቁጠሬን አልተውኩም።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እናቴ አለች፤ ከንግዱ ወጥታለች፣ ከክርክሩ ግን አልወጣችም። የሕሊና ጥያቄ ያን ቀን ስላስታወሰኝ፣ በማግስቱ ልጠይቃት ሄጄ በቀጥታ አነሳሁባት። «እማዬ፣ ምሳው ሞልቶ ሳለ አምስቱን ትኬት ለምን ሸጥሽብን?»

«አንቺ ልጅ፣ ያን ነገር አይተሽዋል?» አለችኝ። «ብረቱ ሲንጫጫ ከታች ይሰማል። ልጆቼን እዚያ ላይ ልሰቅል? እምቢ ብልሽ ታለቅሻለሽ፣ አባትሽም ፈሪ ብሎ ይስቅብኛል። ገዢ ሲመጣ ሸጥኩትና ገላገለኝ።»

«የሰውዬው ልጆችስ?»

«እስኪወርዱ ቆሜ ስጸልይላቸው አልነበር?»

ያን ጊዜ ዞር ብዬ ሳያት እዚያው ቆማ ሽቅብ እያየች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ትዝ አለኝ። ትርፏን የምትደምር መስሎኝ ነበር። ሁላችንም ያን ሰሞን ስለ ምሳ ብር ስንከራከር፣ አንዳችንም የተከራከርንበትን ነገር በስሙ አልጠራነውም፤ እኔ ምኞቴን፣ አባቴ የቆየ ቁስሉን፣ እናቴ ፍርሃቷን። አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ ገንዘብ የለም ብዬ ከስንት ነገር እንዳስቀረኋቸው ሳስብ፣ ብሩ ጎድሎ የነበረው ግማሹን ጊዜ እንኳ አይሆንም። እጇን ይዤ ለዚያ ሁሉ ዓመት ኩርፊያዬ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ደግሞም» አለች፣ ዓይኗ እንደ ድሮው በርቶ፣ «በእጥፍ ነው የገዛኝ።»