ቤታችን በትከሻ ይሄድ ነበር

ከአገር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ በጫነ ፒካፕ፣ እርጥብ ጆንያ ሥር ተኝቼ። የሸሸሁት ጦርነት አልነበረም፤ ሜትር ነው። ሥዩም የሚባል ካድሬ ሜትርና ኖራ ይዞ ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው መንደራችን መጣ። ሕዝቡ ወርዶ በመስመር በተቀየሰ አዲስ መንደር ይሰፍራል አለ።

የእኛ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠራ ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው ጎረቤት ይጠራል፤ ቤቱን እንዳለ አንሥተው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ ሌላ ቦታ ይተክሉታል። እናቴ ይህንኑ ለመነች።

«ጌታዬ፣ ሂዱ ካላችሁን እንሄዳለን። ቤቱን ግን እንሸከመው።»

«ዕቅዱ ወጥቷል፣ እናቴ» አላትና በመጥረቢያ አስቆረጠው። እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሰው ፊት «ለምን?» አልኩ። በዚያ ዘመን «ለምን» ያለ አስተማሪ ብዙ አይሰነብትም፤ ስለዚህ ዓሣው ውስጥ ገባሁ።

ሽታው እስከ ሮተርዳም ተከተለኝ። ያረፍኩት ክሬኖቹ ዝገው በቆሙበት አሮጌ ወደብ፣ ድሮ መጋዘን በነበረ ሕንጻ ነው። ዝናቡ እንደ ደጋችን ዘንቦ አያባራም፤ ተከራይቶ ይቀመጣል። ዳቦው ቀዝቃዛ፣ ሰላምታው ከዳቦው የባሰ። ቆጮ የምበላው በሕልሜ ነው። ሁለት ዓመት እንደኖርኩ አንዲት የቤቶች ቢሮ ሠራተኛ ሥዕል ይዛ መጣች፦ መጋዘኑ ፈርሶ፣ በቦታው የመስታወት ፎቅ፣ ዛፍ፣ ካፌ።

«ሜኔር» አለችኝ፤ በቋንቋቸው «ጌታዬ» ማለት ነው። «ሰፈሩ ነፍስ ይዘራል።»

«እስከ ዛሬ የኖርነው ሬሳ ነን?»

«አዲሱ ቤትዎ ውሃ ያያል።»

«ሁለት ሐይቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንዱም ኪራይ አልጠየቀኝም።»

አልሳቀችም። ውል ያለው እንደ እኔ ቤት ያገኛል፤ ውል የሌለው፣ እዚሁ መኖሩን ጎረቤት ከመሰከረለት ብቻ ነው አለች።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ውል የሌለው አንድ ሰው ነበር፦ ሥዩም። አዎ፣ ራሱ። ጌቶቹን ከድቶ ከመጣ ዓመት ሆኖታል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ለየሁት፤ እሱ አላወቀኝም። ስንቱን መንደር ያስታውስ! ሙዝ ይዞ በሬን አንኳኳ፤ በእኛ አገር ሙዝ ለሚያበቅለው ለላንቴ ሰው ቢያሳዩት የሚያፍርበት፣ ውሃ ውሃ የሚል ሙዝ።

«ወንድሜ፣ መስክርልኝ። ቤቴን ሊያፈርሱብኝ ነው! ሰው እኮ ነኝ፣ እንዲህ ይደረጋል?»

ሙዙን በላሁ። በማግስቱ ሠራተኛዋ «ይህን ሰው ያውቁታል?» ስትለኝ «አይቼው አላውቅም» አልኩ። ከሙዙ ይልቅ ውሸቱ ጣፈጠኝ።

ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ዕቅዱ ወጥቷል፣ ጓድ።»

ያን ጊዜ አወቀኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

እናቴን አርባ ምንጭ ቴሌ አስጠርቼ ነገርኳት። ስም አልጠራሁም፤ ስልኩ ብዙ ጆሮ አለው። «ያ ቤት ቆራጭ እዚህ ነበር፤ ቤት አሳጣሁት።»

እሷም «ሲወጣ የተሸከመለት ሰው ነበር?»

«ማንም።»

«እሰይ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ሳቋ ሲያልቅ ግን «ያንተም ይፈርሳል ብለኸኝ አልነበር?» አለች። «አንተስ የሚሸከምልህ አለህ?»

መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ደህና ነበር።