ባለ ሦስት ፊቱ መስኮት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው መጀመሪያ የዘቢደርን በር ነው የሚያንኳኳው። እጇ ወርቅ ነው፤ ዓይኗ ግን ያው ያየውን የሚመኝ ዓይን ነው። የሰው ሳሎን አሳምራ ቤቷ ስትገባ የእገሊትን ጣሪያ፣ የእገሊትን ወለል እያነሳች እስክትተኛ ድረስ ትብሰለሰላለች። ሲነጋ ግን ትረሳዋለች።

ያልረሳችው የእህቷን የሔዋንን ቤት ነው። የሔዋን ባል ከደብረ ኤልያስ እህል እየጫነ ሲነግድ ቀንቶት በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ቪላ ሠራ። ሳሎኑ ወደ ግቢው ሆዱን የነፋበት መስኮት አለው፤ ሦስቱም ፊቱ መስታወት፣ ከሥሩ ሰው ጋደም የሚልበት ሰፊ መደብ። መንገደኛው ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ ያየዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ዘቢደር ቪላውን ይቅር ብላለች። ይቅር ያላለችው እናቷን የወሰደባትን መስኮት ነው። እናቷ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ቆብ ከጫኑ በኋላ ዲማ ገዳም ብቻቸውን ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም የመጡት ወደ እሷ ነው። እግራቸውን ያጠበች፣ ወገባቸውን ያሸች እሷ ናት። አሁን ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ሔዋን ዘንድ ጎራ ይሉና፣ እዚያ መደብ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ውለው ማታ ይመጣሉ። መጥተውም፣ «የሔዋን ቤት እንዴት ይሞቃል» ይላሉ። ይቺን በሰማች ቁጥር ዘቢደር የስፌት መኪናዋን ታጮኸዋለች።

አንድ ቀን ሔዋን ጨርቅ ተሸክማ መጣች። «እታለም፣ ያንን መስኮት ካንች በቀር ለማንም አልሰጥም» አለቻት።

እንዲህ ያለ መስኮት የመጋረጃው ዘንግ አብሮት እንደሚታጠፍ ዘቢደር አሳምራ ታውቃለች። መለኪያዋን ይዛ ሔዋን ቤት ሄዳ መደቡን ስታየው ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ዘንጉ ሳይታጠፍ በመስኮቱ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቢያልፍ፣ መደቡ ከነፀሐዩ ከመጋረጃው ኋላ ይቀራል። ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ የሚቀመጥ ማን አለ? እማሆይም ወደ እሷ ቤት ይመለሳሉ።

«አሁን የሚሰቀለው እንዲህ ነው፤ አዲስ አበባም ይኸው ነው» አለች። ሔዋን እህቷን አመነቻት። ዘቢደር መሃሉን ሳትከፍል፣ ወፍራም ገበር ጨምራ፣ አንድ ወጥ አድርጋ ሰፋችው። ለመግለጥ ጉልበት የሚጠይቅ መጋረጃ ሆነ።

የሰቀለችው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወንበር ላይ ቆማ ቀለበቶቹን ስታስተካክል እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡ። መጋረጃውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጠርዙን በመቋሚያቸው ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡና ጨርቁ ከኋላቸው ተመለሰ። ዘቢደር ተማርረው እስኪወጡ ጠበቀች።

«ዘቢደር፣ ይህን ያሰብሽው አንች ነሽ?» አሉ ከውስጥ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ዲማን ከለቀቅሁ ጀምሮ ሰው ሳያየኝ የምጸልይበት ጥግ ስመኝ ነበር። ያንች ቤት ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ እንዳላስከፋሽ ብየ ሳልነግርሽ ቀረሁ እንጂ ጸሎቴ ሁሉ ወሬ ሲሆንብኝ ከረመ። እዚህም ቢሆን እንግዳ ሲመጣ እያፈርሁ እነሣ ነበር። ይኸው በዓት ሠራሽልኝ። እጅሽ ይባረክ።» ቀጥለውም፣ «ማታ አጎዛየንና ብርድ ልብሴን አምጭልኝ፤ እንግዲህ ማደሪያየም እዚሁ ነው» አሏት።

ሔዋን በደስታ እንባዋ መጣ። «እታለም፣ እኔ እንኳ ይህን አላሰብሁላቸውም» አለች።

ዘቢደር ከወንበሩ ወረደች። አበላሽቸዋለሁ፣ ላስተካክለው ልትል አሰበች፤ ግን ተመርቃ አልቃለች፣ ምን ብላ ታፍርሰው? ቅናቷ አልበረደም፤ አሁን የምትቀናው በገዛ ስፌቷ ሆነ። እናቷን ማየት ብቻ ፈለገች። እጇን ወደ መጋረጃው ሰደደችና መለሰችው፤ የመነኩሴ በዓት ዝም ተብሎ አይገባም።

«እማሆይ፣ ልግባ?» አለች።

«ቆይ ልጄ፣ ዳዊቴን ልጨርስ።»

ሔዋን ለእንግዳ የምታቀርበውን ወንበር አመጣችላት። ዘቢደርም ተቀምጣ ጠበቀች።