«የሌለበትንስ?» ይሉ የነበሩት ጋሼ አስፋው

ዜናው የደረሰኝ ከሜልበርን ወጣ ብላ በምትገኘው ሜልተን፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የጠዋት ሺፍት ላይ ነበርኩ። በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድልን፣ ቁርስ አብልቼ ለብሬክ ስወጣ ነው ከሎከሬ አውጥቼ የቤተ ክርስቲያናችንን ግሩፕ የከፈትኩት። «አባታችን ጋሼ አስፋው ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄደዋል። በሰላም ነው ያረፉት። ሁላችንም አጠገባቸው ነበርን» ይላል። ጽሑፉን የላከችው ብሌን ናት።

የምጽፈው በእግዚአብሔር ፊት ነውና እውነቱን ልናገር። እንባዬ የመጣው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ አይደለም፤ የመጨረሻውን ሳነብ ነው። «ሁላችንም» ከተባሉት መካከል እኔ አልነበርኩም። ብሌን ነበረች።

ጋሼ አስፋው አዲስ አበባ ሳሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ወደ ሜልበርን ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተነበው የተመለሱ መጻሕፍትን በጋሪ እየገፉ ወደየመደርደሪያቸው ሲያስገቡ ኖሩ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የነበረውን እንግሊዛዊ ፈላስፋ ያገኙትም እዚያው ጋሪ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሌላው ሰው ስለ ልጁ በሚያወራበት ድምፅ እሳቸው ስለዚያ ሰው ያወሩ ነበር። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከቅዳሜ ትምህርታቸው ስቀር ደውለው «ተሻለሽ?» ይሉና፣ ወዲያው «ትናንት እሱ ስለ ሙቀት የጻፈውን እንደገና ሳነብ…» ብለው ይቀጥላሉ። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይቀናል።

እሳቸው እንደነገሩን ከሆነ ፈላስፋው የትልቅ ባለሥልጣን ልጅ ነው። ሕግ ተምሮ የአገሩ ከፍተኛ ዳኛ እስከ መሆን ደረሰ። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት የጥንት መጻሕፍትን እየጠቀሱ ሲከራከሩ፣ እሱ ፍጥረትን ራሷን ጠይቋት አለ። ለመደምደም አትቸኩሉ፤ ነገሩ የሚገኝበትን፣ የማይገኝበትን፣ የሚበዛና የሚያንስበትን ለየብቻ መዝግቡ አለ። ፍጥረትም እግዚአብሔር የሰጠን ሌላ መጽሐፍ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ እኔም በዚህ ወደድኩት። የሰው አእምሮ ግን ጣዖታት አሉበት ማለቱን ስሰማ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ እኛ ጌታን ስንቀበል ጣዖት ትተናል» አልኳቸው።

ሳቁ። «እመት ጠንቃቃ፣ የተውሽው የእንጨቱን ነው። እውነት ሆኖ እንዲገኝልሽ አጥብቀሽ የምትፈልጊውን ነገርስ ማን ያወርደዋል?»

ይህን ሁሉ ያስተማሩን ካርልተን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር፣ በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የነዋሪዎች አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አንድ ክረምት የቤቶቹ ግድግዳ በሻጋታ ጠቆረ። የሕንፃው አስተዳደር ከእናንተ ወጥ እንፋሎት የመጣ ነው አለን፤ እኔም ያኔ እዚያው ነበር የምኖረው፤ ሁላችንም አምነን በዚያ ብርድ መስኮት ከፍተን እናበስል ነበር። ጋሼ «ማን ቆጠረው?» አሉና ደብተር ሰጡኝ። የሰጡት ለእኔ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር። በየፎቁ እየዞርኩ፣ ጫማዬን እያወለቅሁ፣ ሻጋታ ያለበትን ቤት ሁሉ በቀይና በሰማያዊ መዝግቤ ቅዳሜ አቀረብኩ። ሰው ሁሉ አደነቀኝ።

ብሌን ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛ በጣቷ እየተከተለች የምታነብ። ደብተሬን አገላብጣ አየችና «ሶ፣ የሌለባቸው ቤቶችስ?» አለች።

ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ይኸው! የሌለበትን ጠየቀች!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ለእኔ ተነሥተው አያውቁም።

እንደገና ዞርን፤ በዚህ ጊዜ ሁለታችን አብረን። እኩል የሚያበስሉ፣ እንዲያውም ከሌላው የሚብሱ፣ ግን ግድግዳቸው ደረቅ የሆነ ቤቶች ተገኙ። መስኮታቸው ወደ ሰሜን ነው። ሻጋታው ወደ ደቡብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ነበር፤ በዚህ አገር ፀሐይ የምትዞረው በሰሜን በኩል ነውና፣ ያ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ አያይም። በደቡብ በኩል የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ «እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ ሽንኩርቴን ስወቅሰው ነበር!» ብለው አሳቁን። እትዬ አስም ነበረባቸው። ጋሼ የራሳቸውን ቤት ትርፍ ቁልፍ አስቀርጸው ሰጧቸው፤ እትዬ ክረምቱን ቀን ቀን በእሳቸው መስኮት ሥር ሲሞቁ፣ እሳቸው ቤተ መጻሕፍት ይውሉ ነበር። እትዬ «እንዴት ከቤትዎ ላስወጣዎት?» ሲሏቸው፣ «ፀሐይዋ የእኔ አይደለችም፤ በመስኮቴ ታልፋለች እንጂ» አሏቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጋሼ የፈላስፋውን ሕይወትና ሐሳብ በአማርኛ መጽሐፍ አድርገው ይጽፉ ነበር። የእጅ ጽሑፋቸው ከእኔ በቀር ለማንም አይነበብም። ወደ ሜልተን ከተዛወርኩ በኋላም ኦፍ በሆንኩ ቀን ሁሉ በባቡርና በትራም ካርልተን ድረስ እየሄድኩ ለዓመታት ገለበጥኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ሥራ የኮራሁበት ነገር የለም። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ያ ሰው ዳኛ ሳለ ከተከራካሪዎች እጅ መንሻ ተቀብሏል፤ ተከሶም ጥፋቱን አምኖ ከሥልጣኑ ተዋርዷል። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይህ መጽሐፍ በወጣቶቻችን እጅ ሊገባ ነው፤ ጋሼም ይህን ሰው ይወዱታል። እኛ በለቅሶ ላይ የሕይወት ታሪክ ስናነብ እንደምናደርገው፣ አራቱን ገጽ ዘልዬ «በኋላም በገዛ ፈቃዱ ከሥልጣኑ ተሰናብቶ ጊዜውን ለጥናት አዋለ» ብዬ አስገባሁ። ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም። ጸልዬበትም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የገለበጥኩትን ለጉባኤው ጮክ ብላ ያነበበችው ብሌን ናት። እዚያ ቦታ ስትደርስ ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

«ጽጌ፣ ይህ የእኔ አይደለም።»

«ለክብሩ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰውየው ራሱ አምኖ የተፈረደበትን አንቺ በይግባኝ ነፃ አወጣሽው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ብሌንም ሳቀች። ከዚያ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያታልል የጻፈው ከሚያውቀው ነው። ይህን ካወጣሽው ለእነዚህ ልጆች የሚተርፋቸው ሐውልት ነው» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ የመጽሐፉ ደብተር ከብሌን ላፕቶፕ አጠገብ ነበር። እሳቸው እያነበቡላት እሷ ትጽፋለች። «ዓይንሽ እንዳይደክም ብዬ ነው» አሉኝ። እውነቱ ይህ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጋሼ አስፋው እውነትን ሲያለሳልሱ የሰማኋቸው በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ያለሳለሱትም ለእኔ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ራቀኝ። «ሺፍት በዛብኝ» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ግን አልቻልኩምና ደውዬ «ብሌንን አስበለጡብኝ» አልኳቸው።

«ማስረጃሽስ?»

ዘረዘርኩላቸው። ጠረጴዛ የመቱበትን፣ ከወንበር የተነሡበትን፣ ደብተሩን፣ ልደቷ ላይ ያደረጉትን ንግግር ሳይቀር። አንድም ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጥሩ ቆጥረሻል። የሌለበትንስ?»

ስልኩን ዘጋሁባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ።

ብሌንን ያላስበለጡበትን የምመዘግብበትን ሁለተኛ ገጽ የጻፍኩት ካረፉ በኋላ ነው። ኦፕሬሽን ሆኜ የተኛሁ ጊዜ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሜልተን ድረስ መንደሪን በከረጢት ይዘው መምጣታቸውን ጻፍኩ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው የፈላስፋውን አሟሟት አነበቡልኝ። ብርድ ሥጋን ከመበስበስ ያቆየው እንደሆነ ለማየት፣ በበረዶ ቀን ከሠረገላው ወርዶ ዶሮ አሳርዶ ሆዷን በረዶ ሞላ፤ ብርዱም እሱን ራሱን ገደለው ይባላል።

«ዶሮዋስ ምን ሆነች? ቆየች?» አልኳቸው።

«እሱን የጻፈ የለም! የሚያናድደኝም ይኸው ነው» አሉ። ስፌቴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቀጥለውም «ታሪኩ እውነት ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። በጣም ደስ ይለኛል፤ የምጠረጥረውም ለዚያ ነው» አሉኝ።

ስለ ልጄ ፈተና ስም እየጠሩ መጸለያቸውን ጻፍኩ። ለሰው ሁሉ «አንደኛዋ አንባቢዬ ጽጌ ናት» ይሉ እንደነበር ከእትዬ ዘነበች ሰምቼ ጻፍኩ። ገጹ ሞላ። ቅናቴ ግን አልሄደም፤ ቀንቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል።

ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር። ሺፍት መቀያየር እችል ነበር፤ በሩን ስከፍት ብሌንን አልጋቸው አጠገብ ላለማየት ብዬ ቀረሁ። ሲድኑ ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ፣ ስልክ ስለዘጋሁባቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩ አንድ ቀን በሌላ ቀን ገፋሁት። ይህንን ያለሳለስኩ እንደሆነ ያስተማሩኝን ሁሉ ከንቱ አደርገዋለሁ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ አንዷ እህት አቅፋኝ «ሊያርፉ ሲሉ ‹ጽጌስ?› ብለው ጠየቁ» አለችኝ። ከአፍታ በኋላ ሌላ ወንድም «ከረቡዕ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም» ሲል ሰማሁት። ያረፉት ዓርብ ነው። ጋሼ ሲያርፉ ሁለቱም በዚያው ክፍል ነበሩ። ብሌንን አየኋት፤ ዓይኗን ሰበረች። «ሶሪ እትዬ፣ አሁን አልችልም» ብላ ወጣች።

ጋሼ፣ ይቅርታዬን ሳላደርስዎ አመለጡኝ። ደብተርዎን ከእጄ መውሰድዎ ልክ ነበር፤ ይህን በሕይወት ሳሉ ልልዎ አልወደድኩም። ለእርስዎ ቀረብኩ ብዬ ስመካ፣ የወደዱትን ሰው ጥፋት መደበቅ ፍቅር መሰለኝ፤ እርስዎ ግን ከነጥፋቱ ወደዱት። እኔንም እንደዚያው እንደወደዱኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ተስፋ ማስረጃ አይደለም እንደሚሉኝም አውቃለሁ። አሁን ፊት ለፊት በሚያዩት ጌታ ዘንድ ይረፉ። የአማርኛ መጽሐፍዎ ከነአራቱ ገጽ ይታተማል። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ።

በመጨረሻዋ ጠዋት በዚያ ክፍል ለነበራችሁ ግን ልመና አለኝ። ተሰብስባችሁ አትምከሩልኝ፤ እያንዳንዳችሁ በየፊናችሁ የሰማችሁትን ብቻ ጻፉልኝ። ስሜን ጠርተው እንደሆነ ጠሩ በሉኝ፤ ካልጠሩም አልጠሩም በሉኝ፤ እንዳታዝን ብላችሁ አንዲት ቃል አትጨምሩልኝ። ብሌን፣ ልጄ፣ አንቺም ስትችይ ጻፊልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ያንቺን አነባለሁ፤ ያልሽውንም አምናለሁ።