የእትዬ ዳሲቱ ቦት ጫማ

አቃቂ ባለው የቆርቆሮ ፋብሪካችን እትዬ ዳሲቱ ሃያ አንድ ዓመት ወለል አጽድተዋል። ከማሽኑ ሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። የቦት ጫማቸው ሶል ካለቀ ቆይቷል። ሰኔ ላይ ተንሸራተው ወድቀው ሦስት ሳምንት ተኙ፤ ሁለተኛ ከወደቅሁ አልነሳም ይሉኝ ነበር። ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴን እየነዳሁ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር እፈራላቸዋለሁ።

አዲስ ጫማ ለማግኘት ያላንኳኩት በር የለም። ደህንነት ክፍል፣ ዘይት ቆሻሻ ስለሆነ አካባቢ ጥበቃን ይጠይቁ አላቸው። አካባቢ ጥበቃ፣ ዘይቱ ቆርቆሮውን ስለሚያበላሽ የጥራት ጉዳይ ነው አለ። ጥራት ደግሞ የሰው እግር ምርት አይደለም ብሎ ወደ ደህንነት መለሳቸው። ደህንነት ክፍል ግን በዚያው ሰሞን ስለ መንሸራተት ግማሽ ቀን አሠልጥኗቸዋል። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው።

የሦስቱን ክፍሎች ሥራ የምትመረምር ኦዲተር ልትመጣ ነው ሲባል የግቢው ድንጋይ ኖራ፣ ወለሉም ቀለም ተቀባ። ሦስቱ ኃላፊዎች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦ እንግዳዋ እስክትሄድ እትዬ ዳሲቱ ከነጫማቸው መጋዘን ይቀመጡ። መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ።

“እሺ ልጄ፣ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው” አሉኝ። እንዲህ ትሑት ሆነው አይቼ ስለማላውቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

በጓሮ በኩል አቋራጭ አለ። እሳቸው ግን ዘይቱን ረግጠው፣ በአዲሱ ቀለም ላይ አልፈው፣ ለእይታ የተነጠፈውን ቆርቆሮ ረግጠው፣ ዘይት ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደውን የፍሳሽ ቱቦ ተሻግረው ሄዱ። ኦዲተሯ ሰልዋ የተዘረጋላትን ሦስት ፋይል ዘግታ ዱካውን ተከተለች። ሦስቱ ኃላፊዎች እያላባቸው ከኋላዋ።

መጋዘኑ ውስጥ እትዬ ዳሲቱ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ሰልዋ አንዱን አንስታ ሶሉን አየችና “ይህ የየትኛው ክፍል ኃላፊነት ነው?” አለች። እያንዳንዱ ኃላፊ ወደ ጎኑ ጠቆመ።

“እኔም ዓመት ሙሉ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው” አሉ እትዬ ዳሲቱ።

የሰልዋ ሪፖርት አጭር ነበር፦ ቆርቆሮውን ያቆሸሸው፣ ወንዙን የበከለውና ሴትዮዋን የጣለው ዘይት አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ይሁን። በወሩ ሦስቱ ቢሮዎች ተጠቃለው አንድ ፋይልና አንድ ኃላፊ ተረፈ። ጫማውም መጣ፣ አርባ ሁለት ቁጥር። የእትዬ ዳሲቱ እግር ሠላሳ ሰባት ነው።

ጫማውን ይዘው ኃላፊው ቢሮ ገቡ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ አየሁ። ኃላፊው የለመደበት ነውና ግራና ቀኝ ተመለከተ። እሳቸውን የሚልክበት ሌላ በር አልነበረም። ሠላሳ ሰባት ቁጥሩ ከምሳ በፊት ደረሰ።