ያልተንኳኳው ጣሪያ

ሰፈሩ “መስታወት” ይለዋል። እሱ የለሰነው ግድግዳ መብራት ሲበራበት ፊት ያሳያል ብለው ያወጡለት ስም ነው። ማጋነኑ እንዳለ ሆኖ ሥራው ያስመሰግን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያለሰልስ ኖሮ፣ አሁን በስተርጅና ቀኝ ትከሻው ከዳው። ማንኪያ እስከ አፉ ያነሳል፤ ከዚያ በላይ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይሆንበታል።

ይህን የምታውቀው ሸሚዙን የምታለብሰው ሚስቱ ብቻ ናት። አብሮት የሚሠራው ወንድሟ እንኳ አያውቅም። መስታወት ዘዴ አበጅቶለታል፤ ከወገብ በታች ያለውን ለራሱ፣ ከራስ በላይ ያለውን ለእሱ ያደላድላል። “አንተ ገና ጉልበት አለህ፣ ውጣ። ጥጋጥጉ ዓይን የሚፈልግ ነው፣ ለእኔ ተወው” ይለዋል። የሚስት ወንድምም አማቹ ያከበረው እየመሰለው ይወጣል።

አንዲት ልብስ ሰፊ ያስጠራችው ሥራ ከጠፋ በሰነበተበት ጊዜ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት አላት፤ በአንዱ የስፌት መኪናዋ ቆሟል፣ ሁለተኛው ሳምባዋን ታማ ሆስፒታል ለተኛች ታናሽ እህቷ ይዘጋጃል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ብለዋታል። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ገብቷታል፤ አላወራችውም እንጂ። አቧራ እንዳይነካት ብለው አስጠንቅቀዋል። ክፍሉ ግን አቧራ ራሱ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ድሮ ፋሽን በነበረ ጊዜ በመጥረጊያ የተረጨ ሸካራ ልስን ነው፤ ልብስ ቢነካው ይቦጭቃል፣ በየጉድባው የስንት ዘመን ትቢያ ቋጥሯል። ከጣሪያውም ጠዋት ጠዋት እንደ ጨው የደቀቀ ነገር ወለሉ ላይ ታገኛለች።

ገንዘቧን አስቀድማ ከፋፍላዋለች፤ ይሄ ለአልጋና ለፍራሽ፣ ይሄ ለመድኃኒት፣ የቀረው ለልስኑ። መስታወትን እጁን ይዛ ክፍሉ መሃል አቆመችው።

“እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው ጋሼ” አለችው። “ለደንበኛ ይሄን ያህል ሜትር ይበቃል ካልኩ በኋላ ጨምሪ አልልም። እርስዎም ቁርጡን ይንገሩኝ። የሚጨመር ካለ አሁን ይሁን። በኋላ ቢገድሉኝም የለኝም።”

ሸካራ ልስን ዋጋው ላዩን በማየት አይታወቅም። ለስላሳው ሲታመም ይሰነጠቃል፣ ያሳብቃል፤ ሸካራው ግን ጉዱን በሆዱ ይይዛል። መላው ማንኳኳት ነው። በመዶሻ እጀታ ሲመቱት ደህናው ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። ደህናውን ላዩን በጄሶ ማልበስ ይበቃል። የለቀቀው እስከ ብሎኬቱ ይፋቅና እንደ አዲስ ይለሰናል፤ ያን ጊዜ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ሁሉም ሰው የሚረሳው የፍርስራሽ ማስጫኛው ተደምሮ ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

መስታወት ግድግዳዎቹን አንኳኳ፤ የለቀቀውን በጠመኔ ከበበ። ከአራቱ አንደኛው ብቻ የሚፋቅ ሆኖ አገኘው። ከዚያ መሰላሉን አስጠጋ። በግራ እጁ መሰላሉን ይዞ በቀኙ መዶሻውን ሲያነሳ ትከሻው ውስጥ ስለት የገባ መሰለው። እጁን ዝቅ አድርጎ ጣሪያውን በዓይኑ የሚመረምር መሰለ። ልብስ ሰፊዋ ሥሩ ቆማ ታያለች። ነገ ከሚስቴ ወንድም ጋር ልመለስ ቢል ለምን ትለዋለች። ዋጋውን አስወድዶ ቢጠራ ሌላ ሰው ትጠራለች።

“ጣሪያው ደህና ነው” አለ። “የሚረግፈው የድሮ ቀለም ነው። ጄሶ እናለብሰዋለን።”

ቁርጥ ዋጋውንም ነገራት። እሷ ካሰበችው ትንሽ ዝቅ ያለ ስለነበር ፊቷ በራ፤ ለእህቷ ደህና ትራስ እንደምትጨምርበት ነገረችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቀብዱን ተቀበለና ሄደ።

ሥራው በተጀመረ በማግሥቱ፣ የሚስት ወንድም መጥፎውን ግድግዳ በመሮ ሲፍቅ ከጣሪያው ጥግ ትሪ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ እግሩ ሥር ተከሰከሰ። ቀና ብሎ ሌላውን ቦታ በጡጫው መታ። አስተጋባ። መሰላሉን እየጎተተ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መታው፤ ሁሉም አስተጋባ። ጣሪያው በልማድ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር።

ወረደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄን አንኳኩተኸዋል?” አለው።

መስታወት የሲሚንቶ ቡካውን ማገላበጡን ቀጠለ። የሚስት ወንድም ነገሩ ቶሎ የሚገባው ሰው ነው፤ አልደገመም። ስንጥቁን በጄሶ እንድፈነው፣ ላዩን እናልብሰው፣ ማንም አያውቅም አለ። ዓመት ያህል ይቆማል።

“ከዓመት በኋላስ?”

“ከዓመት በኋላማ ሴትየዋ…” ብሎ የቀረውን ዋጠው። ሁለቱም ግን ጨርሰው ሰምተውታል፤ ሕመምተኛዋ ያን ያህል አትቆይም ማለቱ ነበር።

መስታወት አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ስፌቱ ክፍል ገባ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናውን መርገጫ አቆመች።

“እህቴ፣ ጣሪያውን አላንኳኳሁትም ነበር። ሁሉም ለቋል።”

“ለምን?”

“እጄ አይደርስም። ትከሻዬ ከሞተ ቆይቷል።”

የሚስት ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና፣ “ያኔ ቢነግሩኝ ሌላ ሰው እጠራ ነበር” አለች።

“አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።”

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለው ነበር። እህቷ ሐሙስ ትወጣለች፤ የአልጋው ገንዘብ ተከፍሏል፣ የመድኃኒቱ አይነካም። ሲያወጡ ሲያወርዱ የተገኘው መላ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጣሪያው ይፋቅ፣ አይለሰን፣ ኮንክሪቱ ኖራ ተቀብቶ ይቅር። የመፋቂያውና የማስጫኛው ዋጋ ከመስታወት ድርሻ ይወጣል። ድርሻውም በዚያው አለቀ።

የሚስት ወንድም ጣሪያውን ፋቀ። ነጩ ትቢያ ዱቄት ፈጪ አስመሰለው። መስታወት ከታች በግራ እጁ ፍርስራሹን ያፍሳል። እረፍት ላይ ሻይ ሲጠጡ የሚስት ወንድም እየሳቀ፣ “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ” አለው። ከዚያ ሳቁን ተወና የሚቀጥለውን ሥራ ከሌላ ሰው ጋር እንደተነጋገረ፣ ቦታው ፎቅ እንደሆነ፣ ሁለት ሙሉ እጅ ያለው ሰው እንደሚፈልግ ነገረው። “እህቴን እኔ ራሴ አስረዳታለሁ” አለ። መስታወት፣ ሻዩ ሳይበርድ ጠጣ ብሎ መለሰለት።

ግድግዳውን ሲያለብሱ ግን በዘዴ መደበቅ ብሎ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ታውቋል። ትከሻ ድረስ መስታወት፣ ከዚያ በላይ የሚስቱ ወንድም። ልስን በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ ካልተሳበ መገናኛው ያስታውቃል። ይህን ከመስታወት በላይ የሚያውቅ የለም፤ እያወቀ ሳበው።

ሐሙስ ጠዋት ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ሲገባ መስመሩ ታየ፤ በትከሻ ቁመት ክፍሉን ዙሪያውን እንደ መቀነት የዞረ። ከሥሩ ልቅም ያለ፣ ከላዩ ትንሽ ሞገድ ያለው። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ተከተለችው።

“ስፌቱ ይታያል” አለች።

“በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አጠፋዋለሁ። ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ገንዘብም አልልሽም።”

“አቧራ ይነሳል ጋሼ። አሁን ያመጧታል። ይተዉት።”

መስታወት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ አልጋውን ከአንድ ወገን አንስቶ ሊያግዛት ሲል፣ እሷ ቀድማ ብቻዋን ጎተተችው፤ ራስጌውን መስመሩ ሥር አስጠጋችና አንሶላውን ማንጠፍ ጀመረች።